‹ይሄ ማነው?› ብለን ማሽኑን ስንጠይቅ

ሊኑክስ ሰውን በስም አያውቅም። የሚያውቀው በቁጥር ነው። እኛ ‹አበበ› የምንለው ተጠቃሚ ለከርነሉ (ለሲስተሙ እምብርት) 1004 ነው፣ በቃ። ፋይል ሲፈጥር ዲስኩ ላይ የሚጻፈው 1004 ነው። ፕሮግራም ሲያስነሳ ፕሮግራሙ ይዞት የሚዞረው 1004 ነው። ስሙ የሚመጣው በኋላ፣ ለእኛ ለሰዎቹ እንዲመች ተብሎ ነው።

የአካውንትና የግሩፕ ፍተሻ የሚባለው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው በማንኛውም ሰዓት ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ። እዚህ ማሽን ላይ ማን ማን አለ? ምን ምንስ ማድረግ ይችላል? ሲሰሙት ቀላል ነው። ትእዛዞቹም አጫጭር ናቸው፤ ዋናዋ ‹አይዲ› ራሷ በእንግሊዝኛ ሁለት ፊደል ናት። ግን ይህን ሥራ በሠራሁ ቁጥር እየጎላ የመጣልኝ ነገር አለ። መልሱ የሚወሰነው ማንን እንደጠየቃችሁ ነው።

ፋይሉን ብትጠይቁ አንድ መልስ ታገኛላችሁ። የስም አገልግሎቱን ብትጠይቁ ሌላ። አሁን እየሠራ ያለውን ፕሮግራም፣ ማለትም ፕሮሰሱን፣ ብትጠይቁ ደግሞ ሌላ። አንዳቸውም አይዋሹም፤ እያንዳንዱ የሚያውቀውን ነው የሚናገረው። ችግር የሚመጣው የአንዱን መልስ የሁሉም አድርገን ስንወስድ ነው። ‹ይሄ ማሽን አብዷል እንዴ?› የሚያሰኙ ብዙ ጉዳዮች ሲጣሩ መነሻቸው ይኸው ነው።

ከፋይሉ ልጀምር። ‹ኢቲሲ› በሚባለው ፎልደር ውስጥ ‹ፓስውድ› የሚባል ፋይል አለ። እያንዳንዱ መስመር አንድ አካውንት ነው። መስመሩ በሁለት ነጥብ እየተለየ ሰባት ክፍል አለው። በእኛ ፊደል ብጽፈው እንዲህ ይመስላል፦

አበበ:ኤክስ:1004:1004:የመጋዘን ሪፖርት:/ሆም/አበበ:/ቢን/ባሽ

መጀመሪያ ስሙ። ቀጥሎ የይለፍ ቃሉ ቦታ፣ ዛሬ ኤክስ ብቻ የተቀመጠበት። ከዚያ የተጠቃሚው ቁጥር፣ የዋና ግሩፑ ቁጥር፣ ማብራሪያ፣ ሆም ፎልደሩ፣ በመጨረሻም ሲገባ የሚከፈትለት ሼል፣ ትእዛዝ የሚጽፍበት ፕሮግራም። ይህን አንድ መስመር ቀስ ብሎ ማንበብ የቻለ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል እላለሁ።

ፋይሉ ለማንም ክፍት ነው። መሆንም አለበት። የፋይሎችን ዝርዝር የምታሳየው ‹ኤልኤስ› እንኳ 1004ን ወደ ‹አበበ› ለመቀየር ይህን መዝገብ ማየት ያስፈልጋታል። ድሮ ግን የተመሰጠረው የይለፍ ቃልም እዚሁ፣ ሁሉም በሚያነበው ፋይል ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 የቤል ላብስ ተመራማሪዎቹ ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን ስለ ዩኒክስ (ሊኑክስ አርአያ ስላደረገው ሲስተም) የይለፍ ቃል ደኅንነት ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ ከሰበሰቧቸው 3,289 የይለፍ ቃሎች ውስጥ 2,831ዱ በጣም አጭር ወይም በቀላሉ የሚገመቱ ሆነው እንዳገኙ ጽፈዋል። ምስጢሩ ሁሉም እጅ ላይ ሲሆን ደካማ የይለፍ ቃል ውሎ አድሮ መፈታቱ አይቀርም። የራሱ የቶምሰን የድሮ የይለፍ ቃልም በአንድ አሮጌ የቢኤስዲ (የዩኒክስ ቅርንጫፍ) ቅጂ ውስጥ ከነፋይሉ ተርፎ እ.ኤ.አ. በ2019 ተፈትቷል። የቼዝ መክፈቻ ነበር፦ ንግሥቲቱ ፊት የቆመውን ወታደር ሁለት ቤት ወደፊት ማስኬድ። አርባ ዓመት ገደማ ተደብቆ የቆየ ነገር ነው፤ ባነበብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ዛሬ የተመሰጠረው ነገር ያለው ‹ሻዶው› በሚባል ሌላ ፋይል ነው፤ ተራ ተጠቃሚ አያነበውም። የይለፍ ቃሉ መጨረሻ የተቀየረበትም ቀን እዚያ አለ፤ የተመዘገበው ግን እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በቀናት ብዛት ተቆጥሮ ነው። እሱን በእጅ ከማስላት ‹ቻጅ› የምትባለውን ትእዛዝ መጠየቅ ይሻላል፤ በሰው ቋንቋ ትነግራችኋለች።

ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ሩት የሚባለው ባለሙሉ ሥልጣን ተጠቃሚ ሩት የሆነው ስሙ ‹ሩት› ስለሆነ አይደለም። ቁጥሩ 0 ስለሆነ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ከባድ ነው። ሦስተኛው ክፍል ላይ 0 የተጻፈለት ማንኛውም መስመር፣ ስሙ ‹እንግዳ› ይሁን ‹ፕሪንተር›፣ ሩት ነው። ስለዚህ አዲስ ማሽን ስረከብ ቀድሜ የማየው ሦስተኛው ክፍል 0 የሆነ ስንት መስመር እንዳለ ነው። ‹ኦውክ› በምትባለው ትንሽ መሣሪያ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ከአንድ በላይ ካለ ሁልጊዜ ወንጀል አለ ማለት አይደለም። ፍሪቢኤስዲ የሚባለው ሌላ ሲስተም ለምሳሌ ‹ቱር› የሚባል ሁለተኛ የ0 አካውንት ይዞ ነው የሚመጣው። ግን ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት። ከሌለ ሌላው ሥራ ሁሉ ይቆይ፣ መጀመሪያ ይህ ይጣራ።

የተቀሩት ቁጥሮችም ይናገራሉ። በዛሬዎቹ አብዛኞቹ ሊኑክሶች የሰው አካውንት ከ1000 ይጀምራል፤ ከዚያ በታች ያለው የሲስተሙ ነው። ሬድ ሃት በሚባለው የሊኑክስ ቤተሰብ ይህ ወሰን ድሮ 500 ነበር፤ ወደ 1000 የተዛወረው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው 7ኛው እትም ነው። አሮጌ ማሽን ወደ አዲስ ስታዛውሩ 503 የሚል ቁጥር ያለው ሰው ብታዩ አትደንግጡ፤ ከዚያ ዘመን የመጣ ሊሆን ይችላል። 65534 ደግሞ ‹ኖባዲ› ነው፤ ምንም ሥልጣን የሌለው አካውንት።

የሲስተም አካውንቶች ላይ ዓይኔ የሚያርፈው የመጨረሻው ክፍል ላይ ነው። የድር ሰርቨሩ ወይም የዳታቤዙ አካውንት ሰው ስላልሆነ ሼል አያስፈልገውም። ብዙ ጊዜ ‹ኖሎግኢን› ወይም ‹ፎልስ› ተብሎ ነው የሚቀመጠው። የድር ሰርቨሩ አካውንት መስመር መጨረሻ ላይ ‹ባሽ› ሳገኝ ቆም እላለሁ። አንድ ሰው የሆነ ችግር ለመፍታት ለጊዜው ቀይሮት ረስቶት ይሆናል። ሌላ ሰው ለሌላ ዓላማ ቀይሮትም ይሆናል። መስመሩ የትኛው እንደሆነ አይናገርም፤ መጠየቅ ነው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ፋይሉ ነው። ግን ፋይሉ የሚያውቀው የራሱን ማሽን ብቻ ነው። ተጠቃሚዎቹ በአንድ ማእከላዊ መዝገብ፣ ለምሳሌ በኤልዳፕ ወይም በአክቲቭ ዳይሬክተሪ በሚያዙበት ቦታ፣ አበበ በየቀኑ እየገባ እየሠራ ‹ፓስውድ› ፋይሉ ውስጥ ስሙ ላይኖር ይችላል። ፋይሉን ከፍቶ ‹እንዲህ የሚባል ሰው የለም› የሚል አድሚን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሰውየው ግን አለ። አጠገቡ ቁጭ ብሎ እየሠራ ነው።

ለዚህ ነው ‹ጌትኤንት› የምትባለውን ትእዛዝ የምወደው። ‹ጌትኤንት› ፋይሉን ብቻ አይታ አትቆምም፤ ማሽኑ ራሱ ስም ሲፈልግ በሚሄድበት መንገድ ሄዳ ነው የምትጠይቀው። መንገዱ ‹ኤንኤስስዊች› በተባለ ፋይል ተጽፏል፤ መጀመሪያ የራስህን ፋይል እይ፣ ከዚያ ማእከላዊውን መዝገብ ጠይቅ፣ የሚል ዓይነት ቅደም ተከተል ነው። ‹ጌትኤንት ፓስውድ አበበ› ብላችሁ መስመሩ ከመጣ፣ ሰውየው ከየትም ይምጣ ማሽኑ ያውቀዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ስም ሳትጠሩ ‹ጌትኤንት ፓስውድ› ብቻ ብትሉ ሁሉንም የምታወርድላችሁ ይመስላል። ከማእከላዊ መዝገብ ጋር የሚያገናኘው ‹ኤስኤስኤስዲ› ግን ሳይታዘዝ የመዝገቡን ስም በሙሉ አይዘረዝርም። ምክንያቱም በብዙ ሺህ ስም የሚቆጠር መዝገብ በየጊዜው መጎተት ሰርቨሩንም መረቡንም ያደክማል። ስለዚህ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ሰው በስሙ ሲጠሩት ብቅ ይላል። ‹ሁሉንም አይቻለሁ› ብሎ ሪፖርት ከመጻፍ በፊት ይህን ማወቅ ግድ ነው። ሙሉውን ዝርዝር የምትፈልጉ ከሆነ መሄድ ያለባችሁ ወደ መዝገቡ ባለቤት ነው።

አሁን ወደ ግሩፕ፣ ለብዙ ተጠቃሚዎች በአንዴ ሥልጣን ወደሚሰጥበት ስብስብ። ሥልጣን የሚደበቀው በአብዛኛው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

‹ግሩፕ› የሚባለው ፋይል አራት ክፍል ብቻ ነው ያለው። ስም፣ ዛሬ ማንም የማይጠቀምበት የይለፍ ቃል ቦታ፣ ቁጥር፣ እና በነጠላ ሰረዝ የተለዩ የአባላት ስሞች። ‹ሱዶ› ተራ ተጠቃሚ እንደ ሩት እንዲያዝ የምታደርግ ትእዛዝ ናት፤ በስሟ የተሰየመ ግሩፕም አለ። አንድ ሰው ‹ሱዶ ግሩፕ ውስጥ እነማን አሉ?› ቢላችሁ እጃችሁ ወደዚህ መስመር መሄዱ ያለ ነው። መስመሩ ግን ሙሉ መልስ አይሰጥም። እያንዳንዱ ተጠቃሚ አንድ ዋና ግሩፕ አለው፤ ያ የተጻፈው ‹ፓስውድ› ፋይሉ ላይ በአራተኛው ክፍል ነው፣ እዚህ አይደለም። እዚህ የሚዘረዘሩት ግሩፑን በተጨማሪነት የያዙ ሰዎች ናቸው።

ምን ማለት እንደሆነ በቅርብ እንየው። ዴቢያን በሚባለው ሊኑክስ ላይ የ‹ሱዶ› ግሩፕ ቁጥር 27 ነው። የግሩፑ መስመር ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ምንም ስም የለም እንበል። ባዶ ነው፣ ማንም የለም ብላችሁ ታልፋላችሁ። ‹ፓስውድ› ፋይሉ ውስጥ ግን የአንድ ተራ ስም አራተኛ ክፍል 27 ቢሆን፣ ያ ሰው የሱዶ ግሩፕ አባል ነው። ሙሉ አባል። ‹ሱዶ› ትእዛዙም ይቀበለዋል። የአባላት ዝርዝሩን ብቻ የሚያይ ሰው ግን በጭራሽ አያገኘውም። ስለዚህ የግሩፕ ጥያቄ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ መጠየቅ አለበት። አንዴ የግሩፑን መስመር፣ አንዴ ደግሞ በ‹ፓስውድ› አራተኛ ክፍል ያ ቁጥር ያለው ሰው እንዳለ።

ከሰው ተነስቶ መጠየቅ ይቀላል። ‹አይዲ አበበ› ማለት ይበቃል። ቁጥሩን፣ ዋና ግሩፑን፣ ከዚያ የገባባቸውን ግሩፖች በሙሉ በአንድ መስመር ታወርዳለች። ‹ግሩፕስ› የምትባለውም አለች፣ ስሞቹን ብቻ የምታሳይ። እኔ ‹አይዲ›ን ነው የምመርጠው፣ ቁጥሩን ስለማትደብቅ።

ግን ‹አይዲ› ሁለት መልክ አላት። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ግማሽ ቀን ያጠፋል። ስም ጨምራችሁ ስትጠይቋት ወደ መዝገብ ሄዳ ‹ይህ ሰው ምን ተመዝግቦለታል?› ነው የምትለው። ያለ ስም፣ ብቻዋን ስትጽፏት ግን መዝገብ ጋ አትሄድም። ‹እኔ ራሴ አሁን ምን ይዣለሁ?› ነው የምትለው። የራሷን ፕሮሰስ ኪስ ፈትሻ ነው የምትመልሰው።

በጣም የተለመደውን ክርክር ላንሳ። አበበ ዶከርን (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ለየት ያለ ክፍል የሚያስኬድ መሣሪያ) ለመጠቀም ጠየቀ። አድሚኑ ‹ዶከር› ግሩፕ ውስጥ አስገባው። አበበ ይሞክራል፤ ፈቃድ የለህም ይለዋል። አድሚኑ ‹አይዲ አበበ› ብሎ ያያል፤ ‹ዶከር› አለ። ‹አስገብቼሃለሁ እኮ!› ይላል። አበበ በራሱ መስኮት ‹አይዲ› ብቻ ብሎ ያያል፤ ‹ዶከር› የለም። ‹አላስገባኸኝም እኮ!› ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንዱ ያየው መዝገቡን ነው፣ ሌላው የያዘውን።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ሰው ሲገባ ማሽኑ መዝገቡን አንዴ ያነብና የግሩፕ ቁጥሮቹን ለመጀመሪያው ፕሮሰስ ያስይዘዋል። ከዚያ በኋላ የሚወለደው ፕሮሰስ ሁሉ ከወላጁ ይወርሳል። መዝገቡ ቢለወጥ ቀድሞ የተነሳው ፕሮሰስ ዜናውን አይሰማም። ስለዚህ ወጥቶ መግባት ያስፈልጋል። ወይም ‹ኒውግሩፕ› በምትባለው ትእዛዝ አዲሱን ግሩፕ የያዘ አዲስ ሼል መክፈት።

‹ወጥቼ ገባሁ፣ አሁንም የለም› የሚል ሰውም አለ። እሱን ‹ቲመክስ ትጠቀማለህ?› ብዬ ነው የምጠይቀው። ቲመክስ ሰው ቢወጣም ከጀርባ ሳይሞት የሚቆይ ፕሮግራም ነው። ሰውየው ተመልሶ ገብቶ ከዚያው ጋር ሲገናኝ፣ የሚከፈቱለት መስኮቶች ሁሉ የሚወርሱት ከአሮጌው የቲመክስ ፕሮሰስ ነው። ያ ፕሮሰስ የተነሳው ግሩፑ ሳይሰጥ በፊት ከሆነ፣ ስንት ጊዜ ቢወጣ ቢገባ ለውጥ የለውም። ቲመክሱን መዝጋት ነው መፍትሔው።

ይሄ አሰልቺ ብቻ ነው፣ አደገኛ አይደለም። አደገኛው ግልባጩ ነው። አንድን ሰው ከግሩፕ ስታስወጡት፣ ቀድሞ የተነሱ ፕሮሰሶቹ ያንን ግሩፕ እንደያዙ ይቀጥላሉ። ‹አይዲ አበበ› ብትሉ የለም። መዝገቡ ንጹሕ ነው። ከጀርባ የሚሮጠው ፕሮግራም ግን ትናንት የነበረውን ሥልጣን አልጣለም። ይህን ማየት የሚቻለው ፕሮሰሱን ራሱን በመጠየቅ ነው። ‹ፕሮክ› በሚባለው ፎልደር ውስጥ ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ በቁጥሩ የተሰየመ ፎልደር አለ፣ እዚያ ውስጥ ‹ስታተስ› የሚባል ፋይል። ስትከፍቱት ‹ግሩፕስ› በሚል መስመር ላይ ፕሮሰሱ አሁን የያዛቸው ቁጥሮች ተደርድረዋል። ስለ አሁኑ ሰዓት ከፈለጋችሁ ትክክለኛው ምስክር እሱ ነው።

በነገራችን ላይ፣ አንድ ሰው ብዙ ግሩፕ ውስጥ በአንዴ መሆን መቻሉ ራሱ ከጊዜ በኋላ የመጣ ነው። በጥንቱ ዩኒክስ አንድ ፕሮሰስ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ግሩፕ ነበር፤ ‹ኒውግሩፕ› የተሠራችው ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዛወር ነው። ብዙ ግሩፕ በአንዴ መያዝን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው 4.2 ቢኤስዲ ነው። ሊኑክስም ለረጅም ጊዜ ከ32 በላይ አይፈቅድም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው 2.6.4 ከርነል ጣሪያው ወደ 65536 ከፍ አለ። ግን ፋይል በመረብ የሚያጋራው ኤንኤፍኤስ በተለመደው አሠራሩ ከአንድ ጥያቄ ጋር የሚልከው 16 ግሩፕ ብቻ ነው። ሃያ ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ‹አይዲ› ላይ ሁሉንም ያያል፣ የጋራ ፎልደሩን ሲነካ ግን ይከለከላል። የተቆረጠበት ግሩፕ ያ የሚያስፈልገው ሆኖ ነው። ሰርቨሩ የግሩፕ ዝርዝሩን ከራሱ መዝገብ እንዲያይ ማዘዝ ይቻላል፤ ይፈታል። እስኪታወቅ ድረስ ግን ጸጉር ያስነጫል።

አንድ ግሩፕ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ስሙ አይነግራችሁም። ‹ሱዶ› ወይም በሬድ ሃት በኩል ‹ዊል› ሥልጣን መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል፣ እነሱን ስንሰጥ እንጠነቀቃለን። ‹ዶከር› ላይ ግን እጃችን ይለቃል። ለፕሮግራመር የሥራ መሣሪያ የሰጠነው ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዶከርን ማዘዝ የሚችል ሰው የማሽኑን ዲስክ በሙሉ አንድ ኮንቴይነር ውስጥ ከፍቶ እንደ ሩት ሊያነብና ሊጽፍ ይችላል። የዶከር መመሪያ ራሱ ይህ ግሩፕ የሩት ያህል ሥልጣን እንደሚሰጥ ያስጠነቅቃል። ‹ኤልኤክስዲ› የሚባለው ሌላ የኮንቴይነር መሣሪያ ግሩፕም እንደዚያው ነው። ‹ዲስክ› ግሩፕ ደግሞ የዲስኩን ጥሬ ይዘት ስለሚከፍት የፋይል ፈቃድ የሚባለውን ነገር በሙሉ ያልፈዋል። ‹ሻዶው› ግሩፕ የተመሰጠሩትን የይለፍ ቃሎች ያስነብባል። ‹ኤዲኤም› ሎጎችን ብቻ ነው የሚያስነብበው፣ እሱ ቀለል ይላል፤ ሎግ ውስጥ ምን እንደሚጻፍ ግን ማን ያውቃል።

ስለዚህ ‹ባለሥልጣን ስንት ነው?› ተብዬ ስጠየቅ የሱዶ ግሩፕን ቆጥሬ አልመልስም። እነዚህን ሁሉ አያለሁ። ከዚያም ‹ሱዶ›ን ራሷን እጠይቃለሁ፤ ትንሹን ኤልና ትልቁን ዩ ከስሙ ጋር ስትሰጧት ያ ሰው በሱዶ ምን ምን ማዘዝ እንደተፈቀደለት ትዘረዝራለች። ምክንያቱም ምንም ግሩፕ ውስጥ ያልገባ ሰው በቀጥታ በስሙ ፈቃድ ተጽፎለት ሊሆን ይችላል። ‹አይዲ› ስለዚያ አታውቅም። አይፈረድባትም፣ አልተጠየቀችም።

ግሩፕ መጨመር ላይም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ‹ዩዘርሞድ› ከትልቁ ጂ ጋር ስትታዘዝ ‹ጨምር› ማለት አይደለም። ‹የሰውየው ተጨማሪ ግሩፖች እነዚህ ብቻ ይሁኑ› ማለት ነው። ትንሹን ኤ አብራችሁ ካልጻፋችሁ የነበሩት በሙሉ ይጠፋሉ። ሰው ራሱን ከሱዶ አስወጥቶ ሩት የሚሆንበት መንገድ ያጣው ስንቴ ነው! ስለዚህ ከመንካቴ በፊት ‹አይዲ›ን አስነስቼ መስመሩን እገለብጠዋለሁ። ከነካሁ በኋላ እንደገና አያለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ጊዜ የተረከብኩት ሰርቨር ላይ ሱዶ ግሩፕ ውስጥ ያሉትን ስሞች ይዤ ሰዎችን እየዞርኩ ጠየቅሁ። ገሚሶቹ ሥራ ከለቀቁ ቆይተዋል። ጥቂቶቹን ማንም አያውቃቸውም። ከእነሱ ሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የተሰጠኝ መልስ ነበር፦ ‹ተዋቸው፣ ከነካሃቸው የሆነ ነገር ይበላሽ ይሆናል።› ያንን ፍርሃት እረዳዋለሁ። በአንዱ ስም የሚሮጥ የሌሊት ሥራ ሊኖር ይችላል። ግን ያ ፍርሃት የመጣው አካውንቱ ለምን እንደተከፈተ የትም ስላልተጻፈ ነው። አካውንት የሚዘጋው ለምን እንደተከፈተ የሚታወቅ ከሆነ ነው።

‹ፓስውድ› መስመር ላይ አምስተኛው ክፍል ለዚህ ይጠቅማል። ‹ጌኮስ› ይባላል። የቀደመው ዩኒክስ በቤል ላብስ የህትመት ሥራውን ወደ ሌላ ትልቅ ማሽን ይልክ ነበር፤ የዚያ ማሽን ሲስተም ስም ነው እዚህ የቀረው። ዛሬ ሙሉ ስም ይጻፍበታል፣ ወይም ባዶ ይተዋል። እኔ ግን የሰው ላልሆነ አካውንት ሁሉ ምክንያቱንና የትኛው ቡድን እንደሚጠይቅበት እዚያ እጽፋለሁ። ፋይሉ ለማንም ክፍት ስለሆነ ምስጢር አይጻፍበትም። አጭር ሐረግ ግን ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ሰው ብዙ ነው።

ፍተሻውን ሰዎች እንደ ክስ ሲወስዱት አያለሁ። ‹ለምን ስሜን አየህ?› የሚል ፊት ይገጥማችኋል። እኔ የማየው ግን ሰውየውን ጭምር ለመጠበቅ ነው። የማያስፈልገውን ሥልጣን የተሸከመ ሰው፣ አንድ ቀን አካውንቱ ተሰርቆ ጥፋት ቢደርስ ስሙ ነው የሚነሳው። ባልተጠቀመበት ነገር ሲጠየቅ ማየት ያሳዝናል።

ሰው ሥራ ሲለቅ የሚሠራውን ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ብዙዎች ‹ዩዘርሞድ›ን ከትልቁ ኤል ጋር ያዙና ‹ቆልፌዋለሁ› ይላሉ። የተቆለፈው የይለፍ ቃሉ ነው፤ ‹ሻዶው› ውስጥ ከተመሰጠረው ቃል ፊት ቃለ አጋኖ ተጨመረበት ማለት ነው። ሰውየው በኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያ) ቁልፍ የሚገባ ከሆነ በብዙ ሲስተሞች ላይ ያለ ችግር መግባቱን ይቀጥላል። አካውንቱን በእርግጥ ለመዝጋት የማብቂያ ቀኑን ያለፈ ቀን ማድረግ ነው፤ ‹ቻጅ›ን ከትልቁ ኢ እና ከ0 ጋር። ከዚያ ቁልፎቹ የሚቀመጡበትን ፋይል ማየት፣ በስሙ የታቀዱ ሥራዎችን ማየት።

መሰረዝ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ስሙን ስታጠፉ ፋይሎቹ አይጠፉም። ከሆም ፎልደሩ ውጪ ያሉት ባሉበት ይቀራሉ፣ ባለቤታቸው 1004 እንደሆነ። ‹ኤልኤስ› ስም ስለምታጣላቸው ደረቁን ቁጥር ታሳያለች። አሁን ‹ዩዘርአድ› አዲስ ሰው ስትመዘግብ ካሉት ሁሉ የሚበልጠውን ቀጣይ ቁጥር ነው የምትሰጠው። የተሰረዘው ሰው የመጨረሻው ተመዝጋቢ ከነበረ፣ አዲሷ ሠራተኛ 1004ን ትወስዳለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የአበበ ፋይሎች በሙሉ የእሷ ናቸው። ማንም አልሰጣትም። እሷም አታውቅም። ለዚህ ነው ከመሰረዝ መዝጋትን የምመርጠው። መሰረዝ ግድ ከሆነም ‹ፋይንድ›ን ባለቤት የሌላቸውን ፋይሎች እንድትፈልግ አዝዤ፣ የተገኙት ባለቤት እስኪያገኙ ድረስ አዲስ ሰው አልመዘግብም።

ይህ የሊኑክስ ብቻ ጠባይ አይደለም። ዊንዶውስ ላይ ‹ሁአማይ›ን ስለ ግሩፕ ስትጠይቋት የምታሳየው ሰውየው ሲገባ የተሰጠውን ነው፤ አዲስ ግሩፕ ለማየት እዚያም ወጥቶ መግባት ያስፈልጋል። ማክ ላይ ደግሞ ‹ፓስውድ› ፋይሉ ቢኖርም የተለመዱት ተጠቃሚዎች እዚያ የሉም፤ የሚጠየቀው ‹ዲኤስሲኤል› በምትባል ትእዛዝ ነው። ትእዛዞቹ ይለያያሉ፣ መዝገቡና ፕሮሰሱ ግን እዚያም ሁለት ናቸው።

አካውንቱን ከዘጋሁ፣ ከግሩፖቹ ካስወጣሁ፣ ቁልፎቹን ካነሳሁ በኋላ ‹ፒኤስ›ን በዚያ ተጠቃሚ ቁጥር የሚሮጥ ነገር ካለ እንድታሳየኝ አዛታለሁ። አንድ ነገር ከመጣ ‹ስታተስ› ፋይሉን ከፍቼ የያዛቸውን ግሩፖች አያለሁ፣ ምን ሥራ ላይ እንደሆነ አጣራለሁ። የሚፈልገው ሰው ካለ ሥራው ወደ ሌላ አካውንት ይዛወራል። ከሌለ የሰውየውን ክፍት መግቢያዎች በሙሉ ‹ሎግኢንሲቲኤል› እንድትዘጋ አዝዤ ‹ፒኤስ›ን ደግሜ አስነሳለሁ። ባዶ ስትመልስልኝ ነው ወረቀቱ ላይ ‹ተዘግቷል› ብዬ የምጽፈው።